ከንጉሡ ኋላ የቆሙት አባባ

ውድ እህቴ ቤሪል፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እንዴት ነሽ? ያ የጉልበትሽ ነገር እንዴት ሆነልሽ? ሬክስስ እንዴት ነው? ወገቡ ቀለል አለለት ወይስ አሁንም በግ ካልሸለትኩ እያለ ያስቸግርሻል? ልጆቹስ፣ ታምሲንና ጃሮድ፣ ደህና ናቸው? ጃሮድ በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ጢም አብቅሎ ሳየው ሬክስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እናንተ ዘንድ ሙቀቱ እየበረደ ነው መሰለኝ፤ እኛ ዘንድ ብርዱ እየለቀቀን ቢሆንም መንገዱ ገና ጭቃ ነው። እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ለቆኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልኩ ላይ ስለ አየሩ እናወራና «በይ ሥራ አላስፈታሽ» ተባብለን እንዘጋለን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አቅቶኛል።

አባባ እንደነበሩት አይደሉም። ከገና ወዲህ ደረታቸው አልሻል ብሎ ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው አልጋቸውን ወደ ሳሎን አውርደነዋል፤ በመስኮቱ የአትክልት ቦታቸው ይታያቸዋል። ነርሷ በየጠዋቱ ትመጣለች። አእምሯቸው ግን ምንም አልሆነም፤ ነርሷን ሻይ ማፍላት አታውቅም ብለው ያሟታል፣ ያውም እዚያው ቆማ እየሰማች። ሐኪሙ በጋውን ስለማየታቸው ስጠይቀው ቀና ብሎ አላየኝም።

ካቻምና ቅጠል ሲረግፍ በትልቁ ቤት ፊልም ተሠርቶ እንደነበር፣ አባባም እንደተሳተፉ ነግሬሽ ነበር። የነገርኩሽ ግን ግማሹን ብቻ ነው። የፊልም ሰዎቹ የድሮ ዘመን ፊት ያላቸው ሽማግሌዎች ፈልገው ወደ መንደሩ አዳራሽ ሲመጡ፣ አንዲት ልጅ አባባን አየችና «ይሄን ጢም መቀስ እንዳይነካው!» ብላ ጮኸች። ዕድሜያቸውን ሙሉ አትክልተኛ ሆነው በጓሮ በር የገቡበትን ቤት፣ ያን ቀን በከፋይ ካባና በወርቅ መሳይ ሐብል በፊት ለፊቱ በር ገቡበት። ከታች ግን ያለበሷቸው እስከ ጭን የሚደርስ ጥብቅ ያለ የእግር ሹራብ ነው። የፖስታ ቤቷ ወይዘሮ ኦለረንሾው እሷም የወጥ ቤት ሠራተኛ ሆና ለብሳ ነበርና ስታያቸው፣ «ዊልፍ፣ እግርህ እንዲህ መቅጠኑን ባውቅ ሾርባ እልክልህ ነበር» አለቻቸው። እሳቸውም «ዓይንሽን መልሺ፣ የንጉሥ ሰው ነኝ» አሏት።

የፊልሙ ታሪክ ስለ ሁለት እህትማማቾች ነው። ሥልጣን የናፈቀው አጎታቸው ሁለቱንም ቤተ መንግሥት ያስገባቸዋል። ንጉሡ መጀመሪያ ታናሺቱን ይወዳል፤ ታላቂቱ ደግሞ በብልሃት ትነጥቃታለች፤ ታናሺቱም ተሸንፋ ወደ ሩቅ አገር ትሸኛለች። መንደሩ ለሁለት ተከፈለልሽ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ የታላቂቱ ወገን በምድጃው በኩል፣ የታናሺቱ ወገን በበሩ በኩል መቀመጥ ጀመረ። ሥጋ ሻጩ ሲሪል በዚሁ ጉዳይ ከገዛ ሚስቱ ጋር ተኳረፈ። አባባን «አንተስ ከማን ወገን ነህ?» ሲሏቸው «እኔ ከመጋረጃው አጠገብ ነኝ፣ እዚያ ቁም ብለውኛል» ይሉ ነበር።

ያልነገርኩሽ ይኸውልሽ። የመሸኛው ትዕይንት በሚቀረጽበት ቀን የአባባን ሻይና ክኒን ይዤ ሄጄ ከካሜራው ኋላ ቆሜአለሁ። ታናሺቱ ንጉሡን እጅ ነስታ፣ በስስ ቀሚስ ብቻ፣ ረጅሙን አዳራሽ አቋርጣ ወደ በሩ ትሄዳለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነፋሱ ይገባል። አጃቢዎቹ ዝም ብለው፣ ፊታቸውን ሳያንቀሳቅሱ መቆም ነው ሥራቸው። ልጅቷ እንባዋን እየዋጠች አባባ አጠገብ ስትደርስ አባባ ከሰልፉ ወጡና «ኮት ይዘሻል ወይ፣ ዳክዬ? ውጭው ብርድ ነው» አሏት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዪ! ዳይሬክተሩ «አቁሙ! ማነው ዳክዬ ያላት?» ብሎ ተነሣ። የለንደን ሰዎች እኛ ሰውን ሁሉ ዳክዬ እያልን እንደምንጠራ የት ያውቃሉ፤ ዝነኛዋ ተዋናይት በወፍ ስም የተሰደበች መስሏቸው አንዱ ውሃ፣ አንዱ ወንበር ይዞ ይሮጣል። ወይዘሮ ኦለረንሾው ከዳር ሆና «ስድብ አይደለም! እዚህ ቄሱንም ዳክዬ ነው የምንለው!» እያለች ትጮኻለች። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። «የለኝም፣ አባት፤ አልሰጡኝም» አለቻቸው። ዳይሬክተሩ በትሕትና «አባቴ፣ እርስዎ የንጉሡ ሰው ነዎት፤ እሷ ብትሄድ አይገድዎትም» ሲላቸው፣ አባባ «ልጅ በዚህ ብርድ እንዲህ ይሰደዳል?» ብለው ተቆጡት። ሁለተኛ ሲቀረጽ ዝም አሉ። ዓይናቸውን ግን ከወለሉ አላነሱም።

ያኔ ነው ሬክስን አግብተሽ ባሕር ማዶ የሄድሽ ዕለት፣ ማንቸስተር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ትዝ ያለኝ። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ቆመሻል፤ አባባም «ኮት ይዘሻል ወይ፣ ዳክዬ?» ብለውሽ ወደ መኪናው ሄዱ። በእማማ ቀብር ቀን «የምድር ጫፍ ስሄድ አባቴ የጠየቁኝ ስለ ኮት ነው፤ ለእሳቸው ልጅ ማለት ግዌንዳ ናት» ብለሽ አልቅሰሽብኛል። እኔም አላስተባበልኩሽም፤ እንዲያው ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ያን ቀን አንቺን ሸኝቼ ወደ መኪናው ስመለስ አባባ መሪውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። «ለምን አንሄድም?» ስላቸው «መስታወቱ ጉም ይዞታል» አሉኝ። ቤሪል፣ ጸሐይ ነበር። መስታወቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ብትጠይቂኝ መልሱ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። እሁድ እሁድ ምሳቸውን የምሠራ እኔ፣ ክኒናቸውን የማስታውስ እኔ፣ ጥፍራቸውን የምቆርጥ እኔ፤ እሳቸው ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ከሰልፍ ወጥተው የሚጠይቁት የሄደችውን ልጅ ነው። እኔን አንድ ቀን ኮት ይዘሻል ብለውኝ አያውቁም። ተናድጄ ከረምኩ። ኮቴ ዘወትር በራቸው ላይ ተሰቅሎ ሲያዩት ምን ብለው ይጠይቁኛል? ይህም የገባኝ ዘንድሮ ነው። አንቺ በእኔ ስትቀኚ፣ እኔ በአንቺ ስቀና ዕድሜያችን አለቀ፤ አባባም መሃል ሆነው ስለ ብርድ ያወሩናል።

ሌላም የሚቆጨኝ አለ። በጥር ስትደውዪ «ልምጣ እንዴ?» አልሽኝ፤ እኔም «ኧረ አትቸገሪ፣ ምንም አይደል» አልኩሽ። አንቺም «እንግዲህ ካልሽ እሺ» አልሽ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ነይልኝ ማለቴ ነበር። እዚህ አገር ሰው አትቸገሪ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንቺ መቼም ሳይጠፋሽ አይቀርም። ምናልባት አንቺም «እሺ» ስትዪ ነይ እስክልሽ እየጠበቅሽ ይሆናል። እንዲህ ስንከባበር ሁለት ወር አለፈን።

ቅዳሜ ፊልሙ ከተማው ሲኒማ ቤት ደርሶ ከወይዘሮ ኦለረንሾው ጋር በቀን ሄድን። አባባ መነሳት አልቻሉም። የእሳቸው ቦታ ተቆርጧል፤ የካባቸው እጅጌና ትንሽ ጢም ብቻ ልጅቷ ስታልፍ ይታያል። ወይዘሮ ኦለረንሾው «ያ የዊልፍ እጅጌ ነው!» ብላ ጮኻ ዝም በይ ተባለች። እኔ ግን የታሪኩ መጨረሻ ነው የገደለኝ። ንጉሡ ታሞ ታናሺቱን ያስጠራታል፤ መልእክቱ ግን የሚያልፈው በታላቂቱ እጅ ነውና መልእክተኛው «ሲመችሽ ነይ» ብሎ ብቻ ይነግራታል። በሠረገላ ስትደርስ የንጉሡን ሞት የሚያረዳው የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል። ደረጃው ላይ እህትማማቾቹ ይተያያሉ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ካፖርቴን መቆለፍ አቅቶኝ ተቀምጬ ቀረሁ።

ቤት ስገባ አባባ ነቅተው ጠበቁኝ። ስለ ራሳቸው ምንም አልጠየቁኝም። «ያቺ ልጅ ተመለሰች?» አሉኝ።

«ተመለሰች» አልኳቸው።

«ንጉሡ ሳይሞት ደረሰች?»

«ደርሳለች፣ አባባ። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ብዙ አወሩ» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉና፣ በመንገዱ በኩል ያለውን መጋረጃ ግለጪልኝ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በአትክልቱ በኩል ያለውን ትተው ያንኑ መስኮት ነው የሚያዩት። በሕይወቴ አባባን ዋሽቼ አላውቅም፤ ቤሪል፣ ይህን አንዱን እውነት አድርጊልኝ። ተቸግረሽ ነይ። ሳይመችሽ ነይ።

ሬክስን በጣም ሰላም በይልኝ፤ በጎቹን ለጥቂት ሳምንት ለጎረቤት ቢሰጥ ውለታው አይረሳኝም። ታምሲንን ሳሚልኝ። ጃሮድ ጢሙን እንዳይላጭ ንገሪው፤ አያቱን መስሏል። ወይዘሮ ኦለረንሾው እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ ሲሪልም ከሚስቱ ጋር ታርቆ ሁለቱም ሰላም ብለውሻል። የአባባን ሰላምታ ግን በወረቀት አልልክልሽም፤ ከራሳቸው አፍ ተቀበዪ።

የምትወድሽ እህትሽ
ግዌንዳ

ሃዘርስሌይ መንደር፣ ደርቢሸር
ማርች 16 ቀን 2009