ሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ አልነበረም

ውዴ አስሜ፣

ከተለያየን የፊታችን ከተራ ዓመት ይሞላል። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ አለመኖርህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የምጽፍልህ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ነገር ስላደረግሁ ነው። ከአንተ ሌላ የምነግረው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አሁንም ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ሰፊውን ቤት ለቅቄ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ቴሌቪዥኑን ለጎረቤት ሰጠሁት፤ ሰላይ ሆነህ የሠራህበትን ድራማ እንደገና ማሳየት ጀምረው ነበር፣ አንተ ከሳጥኑ ውስጥ እያየኸኝ ሽንኩርት መክተፍ አቃተኝ። ገበያ ስወጣ ሰዉ "የሰላዩ ሚስት" እያለ በክርን ይጎሻሸማል። የአስማማው ሚስት የሚለኝ አንድም የለም። ያናድደኛል። እዚያ ለመድረስ ስንት ደጅ እንደጠናህ ማን ያውቃል?

እኔ አውቃለሁ። አባትህ ሞተው ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ ለአብነት ትምህርት ስትሄድ ልጅ ነበርክ። በእንተ ስማ ለማርያም ብለህ ስትለምን ውሻ ግራ ባትህን ዘነጠለህ፤ እናትህ ቅቤ እያሹ ያዳኑት ቁስል አራት የጥርስ ጠባሳ ትቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ውሻ እንኳ ሳያይህ ደጅ መቆም ተማርክ። እኔና አንተ የተዋወቅነው የአብነቱን ትተህ እዚሁ ዳባት አስኳላ ስትገባ፣ በትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ነው። ሽማግሌ ሆነህ ስትገባ እውነት መስሎኝ ወንበር ልለቅልህ ብድግ አልኩ፤ አዳራሹ ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ጎንደር የኪነት ቡድን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ዘበኛ ሆንክ፣ አስተናጋጅ ሆንክ፣ ሁለት ጊዜ ሬሳ ሆንክ። በየበዓሉ እየመጣህ፣ በየበዓሉ ደግሞ "ዘንድሮስ ይሳካል" እያልክ ትመለስ ነበር።

ሰላዩን የሚሠራውን ሰው ሲመርጡ ሌሎቹ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ኮሌታ አቁመው ገቡ አልከኝ። አንተ ገብተህ በሩ አጠገብ እንደ ቆሎ ተማሪ ቆምክ። አዘጋጁ ወረቀቱን እያገላበጠ "ቀጣዩ የት ሄደ?" ብሎ ሲጮህ ከቆምክ ቆይተህ ነበር። ሥራውን ሰጠህ። የዚያን ቀን ደውለህ አለቀስክ፤ እኔም መርፌ ልወጋው የተቀመጠውን በሽተኛ ረስቼ አለቀስኩ።

ችግሩ ሰላዩ በድራማው መሞቱ ነው። ተገደለ ተባለ፣ ሚስቱ ደረቷን መታች፣ ሳጥኑ ተቀበረ። ደባርቅ ሆቴል ውስጥ ያየ ሰው ለሌላው ነገረ፤ ወሬው እናትህ ደጅ እስኪደርስ ድራማነቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። ድንኳን ተተከለ። እናትህ ፊታቸውን ነጩ። አንተ ከአዲስ አበባ በርረህ መጥተህ ድንኳኑ መሐል ስትቆም ገላህን ዳብሰው ዳብሰው አልጠግብ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ድንጋይ እንደሆነ፣ ሚስቱም ምስጢሩን እያወቀች እንዳለቀሰች ታየ። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። አንተም እየሳቅክ እጃቸውን ይዘህ እንዲህ አልካቸው፦ "እማ፣ ከእንግዲህ ሞተ ቢሉሽ እንዳታምኚ። ሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ ነው።"

እኔም አብሬ ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለን።

ለጥምቀት ስትመጣ ሚኒባሱ ዳባት ሊገባ ሲል ተገለበጠ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። አልጋው ላይ የተኛኸው አንተ መሆንህን ያወቅሁት ሱሪህን ቀድጄ ባትህን ሳይ ነው። ያጠብኩህ እኔ ነኝ። ፊትህ ለእናት የሚታይ ስላልነበረ ሽማግሌዎቹ ሳጥኑን በሚስማር አስመቱት። እናትህ ይከፈትልኝ አሉ፤ እንቢ ተባሉ። በቃ፣ ነገሩ ገባቸው። ማቅ አልለበሱም፣ እንባ አልወጣቸውም። እኔ ስጮህ በጎን እያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማታ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ምስጢር የሚችል አፍ ይባረክ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከደባርቅ በሚመጣ ሚኒባስ ለአንተ ስንቅ ላኩ፤ በሶና ድርቆሽ። ካለህበት እንዳደርስልህ። ድርቆሹ ጥግ ላይ ተከምሯል። በሶውን እኔ በላሁት፤ አትቀየመኝ፣ ሲርበኝ ነው።

የጨነቀኝ ግን የክርስትና ስምህ ነበር። የተጋባነው በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነው፤ ጠይቄህ አላውቅም። እናትህ ደብተራ እንዳይደግምብህ ብለው ከልጅነትህ ጀምሮ ደብቀውታል። ለፍትሐት ሲጠየቁ በሕይወት ላለ ሰው አይፈታም ብለው ከለከሉ። ቄሶቹ "ጌታ ሆይ፣ አንተ በምታውቀው ስሙ" ብለው ሸኙህ። ያለ ስም ተዝካር አይሆንም ብዬ ጃናሞራ፣ እስከ መካነ ብርሃን ድረስ የክርስትና አባትህን ፍለጋ ሄድኩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ነፍስህ ስም አጥታ ደጅ ቆማ ትቀራለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት እናትህ ራሳቸው መጡ። ስንቅ አልያዙም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሰጠኋቸውን ውሃ ሳይጠጡ በእጃቸው ይዘው ቆዩ።

"ስታጥቢው፣" አሉኝ፣ "ግራ ባቱን አይተሽዋል?"

ይህን በቀብሩ ቀን ሊጠይቁኝ ይችሉ ነበር። ዓመት ሙሉ ያልጠየቁኝ መልሱን ፈርተው ነው። አስሜ፣ ያን ጊዜ አላየሁም ማለት እችል ነበር። ቤታቸው ተመልሰው በሶ ይፈጩ ነበር። እኔ ግን ስምህን ፈለግሁ፣ ውሸትም ያንተ ሙያ እንጂ የእኔ አይደለም። አይቼዋለሁ፣ አራቱንም ጥርስ አይቼዋለሁ አልኳቸው።

ውሃውን መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን አውርደው፣ አዘቅዝቀው ለበሱት።

"ወልደ ገብርኤል ብለሽ አስጠሪው" አሉ።

ዓመት የለፋሁለትን ስም ሳገኘው ደስ አላለኝም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደባርቅ ውስጥ አንድ ቤት ነበረህ፤ እዚያ ቤት አልሞትክም ነበር። እኔም ሳላውቀው እዚያ ነበር የማስጠጋህ። በአንዲት ቃል የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንዴ ሚኒባሱ ገደለህ፣ አንዴ እኔ።

ተዝካርህን በወጉ እናወጣለን። በየወሩ በገብርኤል ስምህን አስጠራለሁ። አገሩ ፊትህን ያስታውስ፤ እኔ ያጠብኩትን ባትህን አስታውሳለሁ፣ እጄ እስካለ ድረስ አልረሳውም። ሌላ የምሰጥህ ተስፋ የለኝም።

ዛሬ እንደ ልማዴ መናኸሪያ ወርጄ የደባርቁን ሚኒባስ ጠበቅሁ። የተላከልኝ ነገር አልነበረም።

የአስማማው ሚስት