እትዬ አጋምና ያልተነቀለው አጥራቸው

የሰፈሩ ልጆች «እትዬ አጋም» የሚሏቸው ልብስ ሰፊዋ እህታችን፣ ከጡብ ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በጥር ወር 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ያለቀሱት ጥቂት ነው ይባላል፤ ከዚያ ወዲህማ ሲያስቁን ኖሩ።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው የልብስ ስፌት ሙያ ያዙ። በ1962 ዓ.ም. አናጢውን አግብተው ዛሬ ከወጡበት ቤት ሲገቡ የአጋም ችግኝ ይዘው መጡ፤ ግቢውንም በዚያ እሾሃም ቁጥቋጦ አጠሩት። ባለቤታቸው በተወጉ ቁጥር «ነገ እነቅለዋለሁ!» ይሉ ነበር። እሳቸውም «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል፤ አልቅስ እንግዲህ፣ ቁልቋሌ!» እያሉ ይስቁባቸዋል።

አጋሙ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ፍየል አያስገባም። ሲያብብ መዓዛው መንገደኛ ያቆማል፤ ፍሬው ሲጠቁር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከንፈሩን አጥቁሮ ይገባል። ሥሩን ሲያጨሱት እባብ ያርቃል ይሉ ነበር። እባብ ግን ማንም አይቶ አያውቅም፤ እሳቸውም «ታዲያ አልነገርኳችሁም?» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅለው ማርማላታ ሠሩ። ጥሬው ወተት አለውና ጥርሳችን ተጣበቀ። ባለቤታቸው «ሙጫ ማለቁን በምን አወቅሽ?» ብለው ድስቱን ወደ ሥራ ቤታቸው ወሰዱት። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ስፒል አልቆባቸው የአንድ ሙሽራ ሱሪ በአጋም እሾህ አያይዘው ሰፉ፤ አንዷን ግን ረሷት። ሙሽራው ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንግዳ አስተናገደ፤ ሰዉም ትሕትናውን አደነቀ። እህታችን የተናዘዙት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሙሽራው ዛሬ እዚሁ አለ፣ ይመሰክራል።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ሲጸናባቸው ያሳሰባቸው አንድ ነገር ነበር፤ «እኔ ስሞት አጥሬን ይነቅለዋል» ይሉ ነበር።

ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ትናንት ጎረቤቶች የግቢውን በር ቢለኩት ለሳጥኑ ጠበበ። አጋሙን ከጥጉ ሊቆርጡ መጥረቢያ ሲያነሱ አናጢው ከፊቱ ቆሙና «እንዳትነኩት! የምነቅለው በሩን ነው» አሉ። ጉጠትና መዶሻ አምጥተው፣ በእጃቸው የሠሩትን በር ከነመቃኑ በእጃቸው ነቀሉት። እህታችን ዛሬ እሾህ ሳይነካቸው፣ እሾሁም ሳይነካ ወጡ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን ፍሬው ከማያልቅበት ግቢ ያስገባልን። እናንተ ልጆች፣ በሩ ገና አልተመለሰም፤ ግቡና ልቀሙ። ጥሬውን ግን ተዉት።