በእጇ ያላከክነው የጥይት ጥፋት

እትዬ፣ ይህች ደብዳቤ ከስፌት መኪናሽ ቀና ብለሽ ትንሽ ባረፍሽበት ሰዓት ትድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የአባባ ጉልበትስ ተሻለው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን ደህና አይደለም። ራሴን ተጸይፌዋለሁ፣ ወር ሙሉ ያልጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው።

የጥበቃ ድርጅቱ መሣሪያ ክፍል ኃላፊ መሆኔን ታውቂያለሽ። ሽጉጥ አስረክባለሁ፣ እረከባለሁ፣ እወለውላለሁ፣ መዝገብ ላይ እፈርማለሁ። ጠባቂዎቹ ሽጉጡ ሲተኮስ እጃችንን ይመታናል ብለው ቢያማርሩ፣ ሥራ አስኪያጁ ምቱ የተቀነሰ ለስላሳ ጥይት አስገዛ። አሠልጣኙ፣ ብረቱ የምንለው ደንዳና ሰውዬ፣ ወገቡ ላይ በሚታጠቃት በራሱ አዲስ ሽጉጥ አንድ ካዝና ሙሉ ጥይት ተኩሶ ቅቤ ነው አለ። በቃ፣ ፈተና የተባለው ይኸው ነው። የጠባቂዎቹ ሽጉጦች ሌላ ዓይነት ናቸው፣ ስፕሪንጋቸው ግትር ነው፤ አንዱም አልተሞከረም።

ነገሩ እንዲገባሽ ልንገርሽ። ይህ ሽጉጥ የተተኮሰውን ቀልሃ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት የሚጎርሰው በራሱ ምት ጉልበት ነው። ምቱ ሲያንስ የላይኛው ብረት ግትሩን ስፕሪንግ አሸንፎ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አይሄድም፤ ባዶው ቀልሃም መውጫው ላይ ይቀረቀራል። ያንቺ መኪና ለወፍራም ክር ተስተካክሎ ሳለ ቀጭን ክር ሲሰጡት ስፌት እንደሚዘለው ማለት ነው።

የወርቅ ቤት በር የምትጠብቅ፣ ቀጭኗ የምንላት ባልደረባ አለችን። ልምምድ ላይ ሦስተኛው ጥይት ተቀረቀረባት። ብረቱ ሽጉጥ እንደ አበባ አይያዝም ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን ወደ እኔ መጥታ እባክህ አንተ ሞክርልኝ አለችኝ። ሞከርኩት፤ በእኔም እጅ አራተኛው ላይ ቆመ። ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ የእጇ አያያዝ ደካማ ነው፣ ጥይቱ እንከን የለበትም ብለህ ፈርም አለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እኔስ ከማን እሻላለሁ፣ ሥራዬን ፈርቼ ፈረምኩ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች የብረት ዱላ ይዘው ወርቅ ቤቱ ገቡ። ቀጭኗ አንዴ ለማስጠንቀቂያ ተኮሰች፤ ሁለተኛውን ስትስብ ሽጉጡ ዝም አላት። ተጠግተው ቀኝ እጇን አንጓዋ ላይ ሰበሩት።

በሳምንቱ ብረቱ ጠባቂዎቹን ሰብስቦ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ስለ እጅ አያያዝ ማስተማር ጀመረ። ያኔ አንገፈገፈኝ። የእሷን ሽጉጥ ከዚያው ካርቶን ጥይት ሞልቼ በሰው ሁሉ ፊት ሰጠሁትና፣ ያንተ እጅ ብረት አይደል፣ እስቲ አንተ ተኩስበት አልኩት። አራተኛው ላይ ተቀረቀረ። አስለቅቆ ደገመ፤ እንደገና ተቀረቀረ። ማንም አልሳቀም። ሥራ አስኪያጁ ካርቶኖቹን የዚያኑ ቀን በጓሮ በር አስወጣቸው፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። እኔም ከዚያ ወዲህ በየሽጉጡ ሁለት ሁለት ካዝና ሳልተኩስ ለማንም አላስረክብም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ።

ትናንት ሐኪም ቤት ልጠይቃት ሄድኩ። መፈረሜን ራሴ ነገርኳትና መዝገቡን እሰርዘዋለሁ አልኳት። ጄሶ የታሰረ እጇን ከአንሶላው ላይ ላንሳ ብላ አቃታት፤ ጣቶቿ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይጨብጡም ብለዋታል ሐኪሞቹ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ተወው፣ አትሰርዘው፣ ያኔ የፈረምከው አሁን እውነት ሆኗል አለችኝ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ባልሽን ናፍቆኛል በይልኝ። ትልቋ ትምህርቷን እንዳታላላ፣ ትንሹም እንዳያስቸግርሽ ንገሪልኝ። አንቺን ግን፣ እትዬ፣ ቀኝ እጅሽን ስሜያለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመሣሪያ ክፍሉ ጠረጴዛ
ኅዳር ፲፱ ቀን