ማቀዝቀዣውን ላስጾሙት ሥራ አስኪያጅ

ይህን የምትጽፈው ጎረቤቴ ከይሪያ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የወልደ ሚካኤል ይመር ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለዚህ ስህተት ካለ የእጇ ነው፣ ድፍረት ካለ የእኔ ነው።

በኮምቦልቻ ለሚገኘው የበሽታ ምርምር ማዕከል የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ ደህና ናቸው? እኛ በደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከልጅ ልጄ ከእስከዳር በቀር ሁላችን ደህና ነን። እሷ የእርስዎ ሠራተኛ ናትና እንዴት እንዳለች ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

አስቀድሜ ሥራዋን ልንገርዎ፤ ያውቁታል ብዬ ብጠረጥር ኖሮ ባላደከምኩዎ። ልጅቱ ከእንቁላል አስኳል በወጣ ስብ በዓይን የማይታይ ከረጢት ትሠራለች። በከረጢቱ ገጽ ላይ ዲኤንኤ የሚሉትን የዘር ክር ታስራለች። ክሩ ውሃ እንጂ ስብ አይወድም፤ ስለዚህ በጫፉ ስብ የሚወድ ችካል ያበጁለታል። በቅሎ በመስክ እንደምናስረው ነው፤ ችካሉ ስቡ ውስጥ ይተከላል፣ ክሩ ደጅ ይቆማል። ክሩ የሚይዘው አቻውን ብቻ ነው፤ ክሩን ሲለውጡ ከረጢቱ የሚይዘውም ይለወጣል። የሷ ክር በአክታ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳን ዘር ለይቶ እንዲይዝ ነበር። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ የገባኝም ግማሹ ነው።

አንደኛ፣ በሁዳዴ ለግምገማ እንግዶች ሲመጡልዎ፣ ስልጆውና የጾም ፍትፍቱ በእሷ የሥራ ማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። እንግዳ አክባሪነትዎ የወሎ ነው።

ሁለተኛ፣ ጠርሙሶቹ ላይ የእንቁላል አስኳል ስብ የሚል አንብበው፣ ፍስክ ከጾም ጋር አያድርም ብለው ሁሉንም መስኮት ላይ ስላስደረደሩ፣ ለነፍስዎ ማሰብዎን አደንቃለሁ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ስጾም ኖሬያለሁ፤ ማቀዝቀዣ እንደሚጾም ግን የንስሐ አባቴም አልነገሩኝ። ደሴ ቢሆን ብርዱ ይራራላቸው ነበር። የኮምቦልቻን ሙቀት ግን ያውቁታል፤ ሰኞ ስትገባ የዓመታት ድካሟ ከርፍቶ ጠበቃት።

ከይሪያ እዚህ ላይ ብዕሩን አንሥታ «ወላሂ አባባ፣ ይቺን እንኳ ላለስልሳት፤ ያስሩዎታል» አለችኝ። ጻፊ አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ቢያስሩኝ የሚጎዳው ቀላቢዬ ነው።

ሦስተኛ፣ በግምገማው ፊት ንብረት በቸልተኝነት አበላሽታለች ብለው የራስዎን ጥፋት ለእሷ ሰጧት። የራስን ለሌላ መስጠት ልግስና ነው። የአንድ ለአምስት ባልደረቦቿም እጃቸውን አውጥተው ደገፉዎት፤ ከአዳራሹ ሲወጡ ግን በየተራ አይዞሽ አሏት። ለሁለቱም አመሰግናለሁ።

አራተኛውን በቃል ልነግርዎ መጥቼ ነበር። ዘበኛዎ ሀምዱ፣ አላህ ይስጠው፣ ወንበሩን ለቆልኝ ስብሰባ ላይ ናቸው አለኝ። ሳቅዎ ከግቢው ሻይ ቤት ይሰማ ነበር። ደስ የሚል ስብሰባ መሆኑን ተረድቼ፣ እንዳልረብሽዎ በጋዜጣ መጣሁ።

መለመን አልለመደብኝም፤ ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጅቱ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታዎንም አልፈልግም። ካልፈረምሽ ትባረሪያለሽ፣ ከፈረምሽ ዕቃ ግምጃ ቤት ትቀመጫለሽ ስላሏት፣ ዓርብ ዕለት ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ፈርማለች። ለምን ፈረምሽ ብዬ ጮኽኩባት። «ታዲያ ምን እንብላ አባባ?» አለችኝ። እርስዎ የተማሩ ነዎትና መልሱን ካገኙ ይላኩልኝ።

ለጾምዎ ብርታት፣ ለፍርድዎ ዓይን እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ በእርስዎ ላይ ምንም ማድረግ የማልችል፣ ዝም ማለትም ያቃተኝ፣

ወልደ ሚካኤል ይመር
ደሴ፣ ሚያዝያ ፳፻፬ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ እስከዳር ይህን ደብዳቤ አታውቅም። አያቴ አርጅቶ ይቀባዥራል ብላ እንድትፈርም እንዳያስቸግሯት፣ ያንን ወረቀት እኔው አስጽፌ፣ በአውራ ጣቴ አትሜ በጋዜጣው በኩል አብሬ ልኬልዎታለሁ። እሷ የምትፈርመው ሌላ ነገር የቀረ አይመስለኝም።

በይ ከይሪያ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ ቀስ ብለሽ።