የማልጠጣው የጉድጓድ ውሃ

ሰኞ
ለማንም ያልነገርኩት፦ ከግቢዬ ጉድጓድ አልጠጣም። ባለቤቴ አያሌው ከሞተ ወዲህ አፌ ላይ አላደረግሁትም። ሽንት ቤቱን ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። እሱ «ከታች ይሁን» ብሎኝ ነበር፤ ከመንገድ እንዳይታይ ብዬ እምቢ አልኩ። በክረምቱ ሆዱን ታመመ። ሐኪሙ ውሃችሁን ተጠራጠሩ አለኝ። አያሌው አልተነሣም።

ጎረቤቶቼ ግን ይቀዳሉ። ብናገር ማን ይመጣል? የሰው ድምፅ የምሰማው ጠዋት ጀሪካን ይዘው ሲገቡ ነው። አሁን የጎረቤቴን የእናትነሽን ልጅ ተቅማጥ ይዟታል።

ማክሰኞ
የጓሮውን ክፍል የተከራዩት ወጣቶች፣ ሰናይትና ሞላ፣ የውሃን ብክለት ቶሎ የሚለይ ወረቀት እየሠሩ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው የራሳቸውን ድርጅት ከፍተዋል።

«እማማ ጥሩወርቅ፣ ነገ ከእርስዎ ጉድጓድ እንጀምር?» አለች ሰናይት።

ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

እናትነሽ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «እትዬ ጥሩ፣ ይሄ የእርግዝና መመርመሪያ አይደል? ጉድጓድዎን ማን አስረገዘው?»

ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሲሄዱልኝ ሱቅ ሄጄ በረኪና ገዛሁና ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥኩት።

ረቡዕ
ወረቀቱ ሁለት ክብ አለው። አንደኛው ወረቀቱ የሚሠራ ከሆነ ምንጊዜም ይቀላል። ሁለተኛው የሚቀላው ውሃው ከተበከለ ብቻ ነው። ዛሬ ሁለቱም ነጭ ሆነው ቀሩ። ደጋግመው ሞከሩት፤ ያው ነው።

«ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ዓርብ ይመጣሉ፤ እኛ ግን የሚሠራ ነገር የለንም» አለች ሰናይት። ሞላ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቀና አላለም።

ቆሎ አቀረብኩላቸው። አልነኩትም። የበረኪናውን ነገር ደበቅኋቸው። እንደ ልማዴ።

ሐሙስ
እናትነሽ ውሃውን አሽትታ «ዛሬስ የታጠበ ነጠላ ይሸታል» ብላ ደፋችው። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። የልጆቹን በር አንኳኳሁ።

«በረኪና ጨምሬበታለሁ።»

ሞላ ብድግ አለ። «እማማ! በረኪና እኮ ወረቀቱን ይገድለዋል!»

ሰናይት ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። ለምን ብላ ጠየቀችኝ። የአያሌውን ነገር ሁሉ ነገርኳት። እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ውሃውን በሞተር ስበው አወጡት። አሁን ጉድጓዱ አዲስ ውሃ እስኪያመነጭ እየጠበቅን ነው።

ዓርብ
እንግዶቹ ከባሕር ዳር መጡ። ጎረቤቱም ተሰበሰበ። ሰናይት ወረቀቱን ነከረች። አንደኛው ክብ ቀላ፤ ሞላ «ተመስገን!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውም ቀላ። እንግዶቹ አጨበጨቡላቸው። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም።

ሰናይት ሳትናገር እኔ ቀደምኩ። «ከዚህ አትቅዱ። ከድሮም አውቅ ነበር» አልኳቸው።

እናትነሽ ልጇን እንዳዘለች አየችኝ። «እያወቁ?»

ባዶ ጀሪካኗን አንሥታ ወጣች።

ቅዳሜ
ጉድጓዱ በቆርቆሮ ተከድኗል። ወጣቶቹ ሐሙሲት ከተማ ያሉትን ጉድጓዶች ሊመረምሩ በጠዋት ሄዱ። በሬን የገፋ ሰው የለም። ግቢውን ጠረግሁ፤ የሚቆሽሽበት ምክንያት ባይኖርም።

መናገሬ አልቆጨኝም። የቆጨኝ ያ «እያወቁ?» የሚለው ጥያቄ ያለ መልስ መቅረቱ ነው። ፊት ለፊት ብቆም አንደበቴ አይፈታም። ከጎረቤት ልጆች አሮጌ መጻሕፍት ብቻዬን የለቀምኩት ፊደል ግን ይታዘዘኛል። ስለዚህ እነዚህን ገጾች ገንጥዬ በበር ሥር አሾልካቸዋለሁ። ታንብባቸው፣ ምድጃ ውስጥ ትጨምራቸው፣ አላውቅም። ለእናትነሽ ናቸው።