የሙሳ ዓሣ

አሶሳ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ዛሬ የሙሳ አርባ ነበር። ከዚያ ከተመለስሁ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኝ ቤት ውስጥ እንጎራደዳለሁ።

አባቶቻችን በአንድ ገበያ ሲነግዱ እኛ አብረን አደግን፤ እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። የሱን እርድ እኔ አልበላም፣ የኔንም እሱ አይበላም። ዓሣ ግን ባርኮ የሚያርደው ስለሌለ ዕድሜያችንን ሙሉ ከአንድ ገበቴ በላን። ጭንቅላቱ የሱ ነበር፣ ጅራቱ የኔ።

ለሰደቃው ወይፈን ታርዶ ሰው ሁሉ ሲበላ እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። ወንድሙ "ብላ እንጂ! ናቅኸን እንዴ?" አለኝ። አፍሬ ልነሣ ስል የሙሳ ሚስት ሐዋ ዓሣ በገበቴ ይዛ መጣች።

"ሙሳ ታሞ ሳለ ነገረኝ" አለች። "'ወርቁ በአርባዬ ይመጣል፣ ጦሙን እንዳይመለስ' አለኝ። ይሄ ያንተ ነው።"

እዚያ መብላት አቃተኝና ቤት ይዤው መጣሁ። ጅራቱን እንደ ምንም ዋጥሁት። ጭንቅላቱን ልጥለው ብል እጄ እንቢ አለኝ፤ እንዳልበላው የኔ አይደለም። ውሻ እንዳያገኘው ቆጥ ላይ ሰቀልሁት፣ መልሼ አወረድሁት።

አሁን ደግሞ ተነሥቼ ገበቴውን አዞርሁት። ጭንቅላቱ ሙሳ ይቀመጥበት ወደነበረው በኩል ሆነ።