የዝናሽ እንጥል

ማክሰኞ

ዛሬም በደረቷ ፉጨት ነቃሁ። ልጄ ዝናሽ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስትተነፍስ ግን ዳገት የወጣች አሮጊት ትመስላለች። አማቴ እማማ ጥሩዬ ገና ከመደብ ሳይወርዱ «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ ብያለሁ» አሉ። እንቢ ባልኩ ቁጥር ልጄን የምጠላ ያስመስሉኛል። መረረኝ። ክፍሌን ለሌላ አስተማሪ ትቼ፣ አዝያት ሙጃ ጤና ጣቢያ ወረድኩ።

ድሬሰሩ አቶ ይመር ልብሷን ገልጦ አሳየኝ። አየር ስትስብ ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። «ይህን ያየሽ ቀን ለነገ አትበይ፤ ከንፈሯ ከጠቆረማ ሩጪ» አለኝ። ጉሮሮዋን በባትሪ አየና እንጥሏ ደህና ነው፣ በሽታው አስም ነው አለ። ጭስና ብርድ ይቀሰቅሰዋል። መርፌ ወጋት፣ ክኒን ሰጠኝ። ስንመለስ ጀርባዬ ላይ ተኛች።

ረቡዕ

መኝታዋን ከምድጃው አርቄ ወደ በሩ አዛወርኩት። በሩ ደግሞ ብርድ ያስገባል። ከኩበት ሌላ የሚነድ የለንም፤ ጭሱን የት ልውሰደው?

እማማ ልጂቱን ከእሳት አራቀቻት ብለው ቀኑን ሙሉ አጉረመረሙ። ሁለት ልጆች በሳል ሞተውባቸዋል፤ ሳላስቆርጥ ቀርቼ ነው ይላሉ። እሱን ሲያነሱ አንጀቴን ይበሉታል። «ልጄ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ምን እለዋለሁ?» አሉኝ። ልጃቸው የኔም ባል ነው። እኔስ ምን ልለው ነው?

ሐሙስ

የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ልጅ ታማብኛለች ብዬ ሊቀመንበሩን ለመንኩት። «ጓድ፣ አብዮቱ የታመመ ልጅ አይጠብቅም» አለኝ። የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ስለማውቅ ሄድኩ። ስለ ምርት ዘመቻ ሲለፈፍ እየሰማሁ አጨበጨብኩ።

ቤት ስገባ እንጥል ቆራጩ መሣሪያውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። የዝናሽ አፍ በደም ተሞልቷል። እማማ እጆቿን ይዘው ያለቅሳሉ። ራሳቸው ይዘው፣ ራሳቸው ያለቅሳሉ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም።

ዓርብ

ማለዳ ልብሷን ስገልጥ ጎድኗ ሥር ጉድጓድ ሆኗል። ሳሉ ቁስሏን ነካክቶት ደም ትውጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ሮጥኩ። አቶ ይመር ጉሮሮዋን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርፌ ሰጣት፣ ተቀምጣ እንድትተነፍስ ደረቴ ላይ አስደገፋት። እዚያው እናድራለን።

እሑድ

ትናንት ተመለስን። ፉጨቱ ቀንሷል፤ ዛሬ ወተት ጠጣች፣ ጠብታ አላፈሰሰችም። ደስ ሊለኝ ይገባል።

እማማ ግን መንደሩን አዳርሰውታል። እንጥሏ ወጣ፣ ልጅቱ ዳነች እያሉ። ሙሉ የምትባለው ጎረቤታችን የአራት ወር ወንድ ልጇን አቅፋ መጣች። ይስላል፣ ጡት አልያዘም። ነገ ጠዋት ቆራጩን ልትጠራ ነው። ዝናሽን ያዳናት መድኃኒቱ ነው፣ ምላጩማ ሊገድላት ነበር አልኳት። አቶ ይመር ዘንድ አብሬሽ ልሂድ ብዬ ለመንኳት። ሙሉ ዝናሽን ወተት ስትጠጣ አየቻትና፣ «የራስሽን አድነሽ የኔን ትከለክያለሽ?» አለችኝ።

ልጄ ምስክር ሆናብኛለች።

ነገ ክፍል አልገባም። ቆራጩ ከመድረሱ በፊት ከሙሉ ደጃፍ እቀመጣለሁ። ታባርረኝ ይሆናል።